የሲስተር ምሥራቅ ስምንት ቫስካ

በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሲስተር ምሥራቅ ሁለተኛውን ቫስካ ሳትጨርስ የመዋኛ መስመሩን የሚከልለውን ገመድ ያዘች። ዋና መማር ከጀመረች ስድስት ወር ሊሞላት ነው። ገንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ አምስት ሜትር ሲሆን ጣልያኖቹ አንዱን ጉዞ ቫስካ ይሉታል። ባለፈው ሳምንት አምስት ዋኝታ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ አራት። አምስተኛውን የጨረሰች ዕለት ትራም ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ማለቷን ያወቀችው፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጠች አሮጊት ፈገግታዋን ስትመልስላት ነው። ዛሬ ግን ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቃል፤ አፍንጫዋ በክሎሪን ተቃጥሏል፤ ገመዱን የያዙት ጣቶቿም አንለቅም ብለዋል።

"እግር፣ ሶሬላ! እግርሽ የት ሄደ?" አለች ዶናቴላ ከገንዳው ዳር ጎንበስ ብላ። ሲስተር ለማለት በጣልያንኛ ሶሬላ ነው የምትላት።

ዶናቴላ አሠልጣኟ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ፊሽካዋን ባንገቷ አንጠልጥላ ቀኑን ሙሉ በገንዳው ዙሪያ ትመላለሳለች።

"እየመታሁ መስሎኝ ነበር" አለች ሲስተር ምሥራቅ።

"አልመታሽም። ሁለቴ መትተሽ ተውሽው። እጅሽ ጥሩ ነው፤ ከወገብሽ በታች ግን ትሰምጫለሽ። ዛሬ ከባለፈው የባሰ ነው።"

ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ያየችውን መናገር ልማዷ ነው። ሲስተር ምሥራቅ ግን ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ገና ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። "ደክሞኛል" አለችና በመሰላሉ ወጣች። ለመነኩሲት ይሆናል ተብሎ የተገዛላት እጅጌው ረጅም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰማያዊ የዋና ልብስ ውሃውን እያንጠባጠበ እግሯ ላይ ተጣበቀ። በሁለተኛው መስመር የሚዋኙ ሁለት ወጣቶች ያዩዋት መሰላትና አንገቷን ደፍታ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች።

ሲስተር ምሥራቅ አርባ አራት ዓመቷ ነው። የወላይታ ልጅ ናት፤ በሙያዋ ነርስ። ማኅበሯ ለሁለት ዓመት የጤና አስተዳደር ትምህርት ወደ ሮም ልኳት፣ ፒኜቶ ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ ቤት ከሰባት መነኮሳት ጋር ትኖራለች። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት የሠራችው አባያ ሐይቅ ላይ ባለች አንዲት ደሴት፣ ማኅበሩ በሚያስተዳድራት ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ደሴቷ ላይ የሚደረሰው በጀልባ ብቻ ነው። ሮም ከመምጣቷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋ ተገለበጠች። ጀልባ ነጂው ዋኝቶ ወጣ። ሲስተር ምሥራቅን፣ ባዶ የነዳጅ ጀሪካን ታቅፋ እንደተንሳፈፈች ዓሣ አጥማጆች አገኟት። አብራት የነበረችው ሲስተር አበራሽ ግን አልወጣችም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማኅበሩ አለቃ ሲስተር ማርያም አንድ ደንብ አወጡ። ሁለት መቶ ሜትር መዋኘትና ጥልቅ ውሃ ላይ አሥር ደቂቃ መንሳፈፍ የማትችል እህት ደሴቷ ላይ አትመደብም። መዋኘት የምትችል እህት ስላልነበረች ክሊኒኩ ተዘጋ። "እኔ ሮም ስሄድ እማራለሁ" ብላ እጇን ያወጣችው ሲስተር ምሥራቅ ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። ሁለት መቶ ሜትር ማለት ስምንት ቫስካ ነው። ወደ አገር ቤት የምትመለሰው በሐምሌ መጀመሪያ ነው።

ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። እንደ ዛሬው ያለ ቀን ከውሃው ስትወጣ፣ ከሐፍረቷ ሥር ትንሽ እፎይታ ይሰማታል። ካልቻልኩ አልሄድም፣ ይላታል ልቧ። ካልሄድኩ ያንን ውሃ አላየውም። ከሐፍረቱ ይልቅ የሚያስጨንቃት ይህ እፎይታ ነው። እግሯ እምቢ ያለው በእርግጥ አቅቶት ነው ወይስ እሷ ራሷ ሳታውቀው ከልክላው ነው? ይህን እያሰበች ፎጣዋን ተከናንባ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እትዬ አብረኸት ገቡ።

"እዚሁ ነሽ እንዴ ሲስተር? የሄድሽ መስሎኝ።"

"ቶሎ ከተመለስኩ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።"

እትዬ አብረኸት ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት አሥመራ ነው፤ አማርኛውንም የተማሩት እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሮም ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ አሁን አንዲት ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን ጣልያናዊት ይጦራሉ። አሮጊቷን ሲያነሡ ሲያስተኙ ወገባቸው ስለተጎዳ፣ ሐኪም ዋና አዟቸው በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ጀመሩ። ሲዋኙ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ አይነክሩም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ግራና ቀኝ እያዩ፣ መንገድ ላይ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ቀስ ብለው ያልፋሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የአሮጊቷ ልጅ ስለምትተካቸው የሚመጡት ልክ እንደ ሲስተር ምሥራቅ በነዚህ ቀናት ነው።

"አሎራ፣ እንግዲህ፣ እዚህ ብርድ ላይ ግማሽ ሰዓት ከምትቀመጪ ውሃው ውስጥ ብትቀመጪ አይሻልም ነበር?" አሉ፣ ኩፊያቸውን ከራሳቸው ላይ እያወለቁ። ያለዚህ የላስቲክ ቆብ ገንዳው ውስጥ መግባት ክልክል ነው።

"ገብቼ ምን ልሠራ እትዬ አብረኸት? መዋኘት አቃተኝ እኮ።"

"ምንም አትሥሪ። እኔ ወገቤ የያዘኝ ቀን ግድግዳውን ተደግፌ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዶናቴላ ብትስቅም ትሳቅ። ሰዓቴ ሳያልቅ ግን አልወጣም። ተናድጄ ከወጣሁ ለሚቀጥለው ቀን ከአልጋ መነሣት አቀበት ይሆንብኛል፤ ራሴን አውቀዋለሁ።"

ሲስተር ምሥራቅ ራሷን ነቀነቀች። ምክሩ ግን ያን ቀን ጆሮዋ ላይ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ዶናቴላ ጥልቁን ውሃ እንጀምር አለች። "ጊዜሽ እየሄደ ነው ሶሬላ። አሥር ደቂቃ መንሳፈፍ አለብሽ፤ እስካሁን እግርሽ መሬት በሚነካበት በኩል ብቻ ነው የዋኘሽው። ዛሬ ሁለት ደቂቃ ብቻ።" እትዬ አብረኸት በዚያው መስመር ስለነበሩ "ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም አጠገቧ እሆናለሁ" አሉ።

የገንዳው ጥልቅ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ሲስተር ምሥራቅ ግድግዳውን ለቀቀች። እጆቿን እንደተነገራት ዘርግታ ማማሰል ጀመረች። ሃያ ሰከንድ ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ ወደ ታች አየች። በወለሉ ላይ የተሠመረው ጥቁር መስመር ሩቅ ነበር፤ የራሷ እግሮችም እንደ ሌላ ሰው እግር ተንጠልጥለው ታዩአት። በዚያው ቅጽበት ጎን ባለው መስመር አንድ ሰውዬ ውሃውን በሁለት እጁ እየደበደበ አለፈና ማዕበሉ አፏ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አታስታውሰውም። የሆነ ነገር ያዘች። የያዘችው ለስላሳና ሞቃት ነበር፤ እሱን ጨምቃ ወደ ላይ ልትወጣበት ሞከረች። የያዘችው ነገር ይፈራገጥ ጀመር። እሷ ግን አልለቀቀችውም። ክንዷን የሆነ ነገር በኃይል አሳመማት፤ ከዚያ ፊሽካ፣ ጩኸት፣ በብብቷ ሥር የገባ ብርቱ እጅ። ዓይኗን ስትገልጥ ዶናቴላ ከነልብሷ ውሃው ውስጥ ሆና ግድግዳው ላይ አስደግፋ ይዛታለች። እትዬ አብረኸት ገንዳው ዳር ተቀምጠው ይስላሉ። ኩፊያቸው ወልቆ ሽበታቸው ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። የያዘችው አንገታቸውን ነበር።

"ይቅርታ፣ እትዬ አብረኸት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላየሁም፣ አላወቅኩም…"

እትዬ አብረኸት መናገር ስላልቻሉ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። በገንዳው የሚዋኘው ሁሉ ቆሞ ያያል። ሲስተር ምሥራቅ ከውሃው ወጥታ፣ በወጉ ሳትደርቅ የምንኩስና ልብሷን ደርባ ወጣች። ትራሙ ላይ ከቀሚሷ የሚንጠባጠበው ውሃ ጫማዋ ሥር ሲጠራቀም እያየች ሄደች። ማታ እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ የበለዘ ክብ ነገር አየች። ገመዱ ይሆናል ብላ ተወችው።

ሐሙስ አልሄደችም። በሚቀጥለው ማክሰኞም አልሄደችም። ቤት ውስጥ ለጠየቋት ፈተና ደርሶብኛል አለች፤ ፈተናው በእርግጥም ነበር፤ መጽሐፉን ከፍታ አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ ታነባለች እንጂ የገባት ነገር አልነበረም። እንቅልፍም እምቢ አላት። ዓይኗን ስትከድን እጆቿ የሰው አንገት የያዙ ይመስላት ነበር።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ማርያም ከሶዶ ደወሉ።

"እንዴት ነው ዋናው?"

"እየሞከርኩ ነው።"

"ድምፅሽ ደህና አይደለም። ስሚኝ ምሥራቅ፣ እዚህ ቢሮው ሰው በጣም ያስፈልገዋል። በተማርሽውም ትምህርት የሚሆን ነው። ዋናው ካልሆነልሽ ንገሪኝ። አንዳችንም አንፈርድብሽም።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አዎ፣ አልሆነልኝም፣ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። "አስቤ ልንገርዎ" አለች። ስልኩን ስትዘጋ ያቺ እፎይታ እንደገና መጣች፤ አሁን ደግሞ ሳትደበቅ፣ ፊት ለፊት። ሲስተር ምሥራቅ ወደ ቤቱ ጸሎት ክፍል ገብታ ተንበረከከች።

በማግስቱ እትዬ አብረኸት ደወሉ። የስልክ ቁጥሯን ከዶናቴላ ነው የተቀበሉት። "ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው፤ ቪያ ቮልቱርኖ ነይ፤ የምነግርሽ አለኝ" አሉ። ሲስተር ምሥራቅ የሚቆጧት መሰላት። ይገባኛል ብላ ሄደች።

ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የስልክ መደብር ጎን ባለች ጠባብ ምግብ ቤት፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሻይ ታዘዘ። እትዬ አብረኸት ስኳሩን ከሚገባው በላይ አማሰሉት። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲስተር ምሥራቅ ቀደመቻቸው።

"እትዬ አብረኸት፣ ያን ቀን ልገድልዎ ነበር።"

"ኧረ ተይ።"

"አይ፣ ይስሙኝ። ይሄ የመጀመሪያዬ አይደለም።"

ስለ ጀልባዋ ነገረቻቸው። እስከዚያ ድረስ እትዬ አብረኸት የሚያውቁት መነኩሲቷ ሐይቅ ላይ እንደምትሠራ ብቻ ነበር። ሲስተር ምሥራቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች።

"ጀሪካኑ ለሁለታችን ይበቃን ነበር ወይስ አይበቃም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አበራሽ ከሥሬ ቀሚሴን ይዛ ነበር። ትጎትተኛለች። ፊቴ ውሃ ውስጥ ሲገባ ረገጥኩ። ሁለቴ። በሁለተኛው ለቀቀችኝ።" ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ለአባ ተናዝዣለሁ፤ ንስሐዬንም ፈጽሜያለሁ። ለአለቃዬ ግን አልነገርኳቸውም። ለእናቷም አልነገርኳቸውም። ለቅሶው ላይ እናቷ አቅፈውኝ 'አንቺ እንኳን ተረፍሽልን' አሉኝ። ዶናቴላ እግርሽን ምቺ ስትለኝ፣ ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስለኛል።"

ውጭ ታክሲ ይጮኻል፤ ከወጥ ቤቱ የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። እትዬ አብረኸት ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፉና "ክንድሽን አሳይኝ" አሉ።

"ምን?"

"ቀኙን። እጅጌሽን ሰብስቢው።"

ሰበሰበችው። የበለዘው ቦታ ወደ ቢጫ ተለውጧል።

"ይሄ ምን መሰለሽ?"

"ገመዱ…"

"ገመድ አይደለም፤ የኔ ጥርስ ነው።" እትዬ አብረኸት ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። "ነከስኩሽ። አንገቴን ስትይዢኝ መነኩሲት መሆንሽንም፣ ስምሽንም ረሳሁት። አየር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ክንድሽን ቆርጬ ብጥልና ብወጣ ግድ አልነበረኝም። ከወጣሁ በኋላ አንቺ ይቅርታ ይቅርታ ስትዪኝ አፈርኩ። ይኸው ይህን ያህል ቀን ሲከነክነኝ ከረመ። የጠራሁሽ ይህንን ልነግርሽ ነው።"

ሲስተር ምሥራቅ ክንዷን አየች። ከዚያም እትዬ አብረኸትን አየች።

"እኔ ግን አልሞትኩም" አለች።

"አልሞትሽም። ዶናቴላ ስለነበረች ነው። እናንተ ሐይቁ ላይ ዶናቴላ አልነበረችላችሁም።"

ሲስተር ምሥራቅ አለቀሰች። እትዬ አብረኸት አላባበሏትም፤ ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላትና የቀዘቀዘውን ሻያቸውን ጠጡ።

ያን ቀን ቀለላት ማለት አይቻልም። እንዲያውም ወደ ቤት ስትመለስ ከበፊቱ ይልቅ ፈርታ ነበር፤ የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አትችልምና። ማታውኑ ግን ሲስተር ማርያም ጋር ደወለችና ለእትዬ አብረኸት የነገረቻቸውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ሲስተር ማርያም እስከ መጨረሻው ሰሟት። "ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ ማለት ነው።" ቀጥለውም "ስትመጪ ለእናቷ አብረን እንነግራቸዋለን። ቀላል አይሆንም። ስለ ምደባሽ አሁን አልወስንም፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ጊዜሽን ውሰጂ" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ገንዳው በር ላይ ደረሰች። ሁለት ጊዜ ወደ ትራም ማቆሚያው ዞረች። ገብታ ዶናቴላን ስታገኝ ሁሉንም አልነገረቻትም። "እግሬን መምታት የሚያስፈራኝ ምክንያት አለኝ" ብቻ አለች።

ዶናቴላ ፊሽካዋን በጣቶቿ እያሻሸች አሰበች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። "በጀርባሽ እንሞክር" አለች። ተንሳፋፊውን ሰሌዳ ደረቷ ላይ አሳቀፈቻትና በጀርባዋ አስተኛቻት። "ጣሪያውን እዪ። እኔ ከጎንሽ እሄዳለሁ። ከእግርሽ በኩል ሰው የለም፤ እኔ እያየሁልሽ ነው። ቀስ ብለሽ ምቺ።"

መታች። ትንሽ፣ እንደምትሰርቅ ሰው። ቆመች። ደግማ መታች።

"ሰው አለ?" አለች።

"የለም።"

ያን ቀን እስከ ሰዓቱ መጨረሻ፣ በየአምስት ሜትሩ "ሰው አለ?" እያለች፣ ዶናቴላም "የለም" እያለቻት ሄዱ። ዶናቴላ አንድም ጊዜ አልሰለቻትም።

ነገሩ በዚህ ተስተካከለ ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በጀርባዋ መዋኘቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በሆዷ ስትገለበጥ እግሮቿ እንደገና ጠፉ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ስድስት ቫስካ ዋኘች፤ በሚቀጥለው ልምምድ ሦስት፤ ከዚያም እንደገና ሦስት። ውሃው የዋና መነጽሯ ውስጥ የገባ መስሏት ልታፈስሰው ስታወልቀው የራሷ እንባ የሆነበት ቀን ነበር። ሦስት ብቻ በዋኘችበት በዚያ ሁለተኛው ቀን መሰላሉን ይዛ አንድ እግሯን ካነሣች በኋላ፣ እትዬ አብረኸት በአጥር በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤት ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ሲያልፉ አየቻቸው። እግሯን መልሳ አወረደች። ግድግዳውን ይዛ ደረቷ በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ቆየች፤ አፏን ነክራ ትንፋሿን አረፋ እያደረገች ስታወጣ፣ እንደገና ስትነክር። ሰዓቱ ሲያልቅ ከሁሉም እኩል ወጣች። ከዚያ ወዲህ በመጥፎ ቀን የምታደርገው ይህንኑ ሆነ። ደስታ አልሰጣትም። ለሚቀጥለው ቀን ከአልጋዋ ስትነሣ ግን እግሯ ያን ያህል አልከበዳትም።

ሰኔ አጋማሽ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈተነች። ሰባተኛውን ቫስካ ጨርሳ ስትዞር ባቷ ተኮማትሮ ያዛትና ገመዱን ጨበጠች።

"ገመድ ከያዝሽ አይቆጠርም" አለች ዶናቴላ። ፊቷን አዙራ "እኔም አዝናለሁ፤ ግን ፊርማዬን የማኖርበት ወረቀት ነው" አለች።

"አውቃለሁ። ብትፈርሚልኝ እኔም አልቀበልሽም ነበር።"

ገንዳው ለጣልያን የበጋ እረፍት ከመዘጋቱ በፊት የቀረው አንድ ሐሙስ ብቻ ነበር።

ያን ሐሙስ ትራሙ ዘግይቶ መጣ። ሲስተር ምሥራቅ ባይመጣ ደስ እንደሚላት ለራሷ አመነች። መጣ። ተሳፈረች። ገንዳው ስትደርስ እትዬ አብረኸት ቀድመዋት ውሃው ውስጥ ነበሩ።

"ዛሬ ራቅ ይበሉልኝ" አለቻቸው።

"ሁለት ሜትር እርቃለሁ። ከዚያ በላይ ግን አልርቅም" አሉ እትዬ አብረኸት።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቫስካዎች በፍርሃት ፍጥነት አለፉ፤ ቀስ በይ የሚለው የዶናቴላ ድምፅ በውሃው በኩል እንደ ሩቅ ጥሪ ይሰማታል። አምስተኛው ላይ ትንፋሿ ተዘበራረቀ። በጀርባዋ ተገለበጠች፤ ደንቡ መዋኘት ነው እንጂ በሆድ ይሁን አላለም። ጣሪያውን እያየች ሄደች። ስድስተኛውን ጨርሳ ስትዞር ገመዱ ከትከሻዋ አንድ ክንድ ርቆ ነበር። እጇ ወደዚያ ሲሄድ አየችው። መለሰችው። ሰባተኛው ከሁሉ ረዘመባት፤ ባቷ ባለፈው ጊዜ ወደ ቆመችበት ስትቃረብ እንደገና መኮማተር ጀመረ፤ "አሁን" አለች በልቧ፣ "አሁን ነው የሚይዘኝ"። እግሯን ዘርግታ በእጆቿ ብቻ ቀዘፈች። በስምንተኛው አፏ ውሃ ጠጣ፤ ሳለች፤ መታች፤ ደግማ መታች። ግድግዳው መዳፏን ሲነካት ግድግዳ መሆኑን ለማመን ሁለቴ ዳሰሰችው።

"ስምንት" አለች ዶናቴላ። "አሥራ ሁለት ደቂቃ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ዋና አላየሁም፤ ግን ስምንት ነው። ትንሽ እረፊና መንሳፈፉ ይቀጥላል።"

የመንሳፈፉ አሥር ደቂቃ ከዋናው የባሰ ነበር። ሲዋኙ ወደ አንድ ቦታ ይኬዳል፤ እዚህ ግን የሚደረስበት የለም። ጥልቁ ውሃ ላይ እጆቿን እያማሰለች፣ እግሮቿን ቀስ እያደረገች ቆየች። ወደ ታች ላለማየት የመስኮቱን ፍሬም አየች። በስድስተኛው ደቂቃ ገደማ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ትንሽ ማዕበል አፏን ሞላው። እትዬ አብረኸት ሁለት ሜትር ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲፈጥ አየችው። እጇ ተነሣ። ወደ እሳቸው አልዘረጋችውም፤ ውሃው ላይ መልሳ አስተኛችው። ሳለች፣ ሰመጠች፣ በእግሯ ወለሉን ፈልጋ አጣችው፣ መታችና ወጣች። ደግማ ሳለች።

"ይብቃ ሶሬላ?" አለች ዶናቴላ፣ ጫማዋን አውልቃ ለመዝለል እንደተዘጋጀች።

ሲስተር ምሥራቅ አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀች። የቀረውን አራት ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፈችው ቢጠይቋት የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዱን ትንፋሽ ካወጣች በኋላ ሌላውን ታስገባ ነበር።

ፊሽካው ሲነፋ እትዬ አብረኸት ከሁሉ ቀድመው ጮኹ። በትግርኛ ነበር፤ ሲስተር ምሥራቅ ምን እንዳሉ አልገባትም። ዶናቴላ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ጣቷ እርጥብ ስለነበር የስሟ መጨረሻ ተበላሸ።

ሐምሌ ላይ አገር ቤት ገባች። በሁለተኛው ሳምንት ከሲስተር ማርያም ጋር ወደ ሲስተር አበራሽ እናት ቤት ሄዱ። እናትየው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዳመጡ። ከዚያ "ለምን አሁን ነገርሽኝ?" ብለው ጠየቁ። ሲስተር ምሥራቅ "ፈርቼ ነበር" አለች። እናትየው እስከ በሩ ሸኟቸው። የሲስተር ማርያምን እጅ ጨበጡ፤ የእሷን ግን አልጨበጡም። ይህንን ሲስተር ምሥራቅ እንደሚገባት ተቀበለችው፤ በየወሩም ሄዳ ልትጠይቃቸው ወሰነች፣ ያስገቧትም አያስገቧትም።

ሲስተር ማርያም ወደ ደሴቷ መደቧት፤ ክሊኒኩ የተከፈተው በመስከረም መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሣ ነበር። አዲሱ ጀልባ ነጂ ወጣት ነው፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን ራሱ አጠበቀላት።

"ሮም ሄደው ዋና ተማሩ አሉ፣ ሲስተር?"

"ትንሽ።"

"እዚህ እኮ አዞ አለ።"

ሳታስበው ሳቀች፤ ሁለቱ እጆቿ ግን የመቀመጫውን ጠርዝ እንደጨበጡ ነበሩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አልለቀቀችውም። ውሃው ቡናማና ጸጥ ያለ ነበር። ያ ቦታ የት እንደነበር ታውቅ ነበር፤ ሲደርሱበት ዓይኗን አልከደነችም።

ደሴቷ ላይ፣ ውሃው ዳር ከዛፍ ሥር አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ሕፃናት ታቅፈው ይጠብቃሉ። ወርዳ ጭቃው ላይ ቆመች። ከዚያ ከፊት የነበረችው ወጣት እናት ልጇን ዘረጋችላት። ሲስተር ምሥራቅ እጇን ታጠበች፤ ሚዛኑን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀለችና ሕፃኑን አስቀመጠችበት። አራት ኪሎ ተኩል ነበር።